የትኛውን ባዶ ዲስክ ልግዛ? ሲዲና ዲቪዲን ከኮምፒውተራችሁ በርነር ጋር የማዛመድ አሠራር

የሠርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ቪዲዮ እያቀናበርኩ በዲስክ አስረክባለሁ። በዚህ የተነሳ አንድ ዓይነት ስልክ በየጊዜው ይደወልልኛል። «ባዶ ዲቪዲ ገዝቼ ላፕቶፔ ውስጥ ከተትኩት፤ ‹ዲስክ አስገባ› ይለኛል። የከተትኩትስ ምን ሆነ?» አንዱ እንዲህ ሲል ሌላው ደግሞ «እኔ ኮምፒውተር ላይ አንደኛ ነው የሚጫወተው፤ አባዬ ቤት ያለው ማጫወቻ ግን ‹ኖ ዲስክ› አለ» ይላል። የሁለቱንም መልስ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ነገሩ ሦስት ወገን አለው፦ የሚጽፈው በርነር፣ የሚጻፍበት ዲስክ፣ የተጻፈውን የሚያነበው ማጫወቻ። አብዛኛው ሰው ከሱቅ ይጀምርና ስለ ቀሪዎቹ ሁለቱ የሚያስበው ዲስኩን ይዞ ቤት ከገባ በኋላ ነው። እኔ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ማጫወቻውን፣ ቀጥሎ በርነሩን፣ ዲስኩን በመጨረሻ። ደረጃዎቹም በዚሁ ተራ ነው የተቀመጡት።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- በርነር ያለው ኮምፒውተር፣ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ በርነር
- ለሙከራ 2 ወይም 3 ባዶ ዲስክ (ገና አትግዙ፤ ደረጃ 6 ላይ ስንደርስ)
- በርን የሚያደርግ፣ ማለትም ዲስክ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም። ዊንዶውስ ላይ እኔ የምጠቀመው ኢምግበርንን ነው። ነፃ ነው፤ ከ2013 ወዲህ ባይታደስም ሥራውን ይሠራል። ስትጭኑት ግን ያልፈለጋችሁትን ተጨማሪ ፕሮግራም እንዳያስገባባችሁ እያነበባችሁ «ኔክስት» በሉ።
- ለስላሳ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ
- ጫፉ ለስላሳ የሆነ የሲዲ ማርከር
- ዲስኩ በመጨረሻ የሚጫወትበት ማጫወቻ፣ ካልተገኘ የሱ ቢጤ

ደረጃ 1፦ ዲስኩ የት እንደሚጫወት ወስኑ

የመኪና ማጫወቻ ከሆነ ሲዲ-አር (አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ) ግዙ። ብዙ የመኪና ማጫወቻ ዲቪዲን ጭራሽ አያውቀውም። ተሰርዞ እንደገና የሚጻፍበትን ሲዲ-አርደብሊው ለመኪና አልመክርም፤ ብርሃን የሚመልሰው ከሲዲ-አር በጣም ባነሰ መጠን ስለሆነ አሮጌ ማጫወቻ ዲስክ መኖሩንም ላያይ ይችላል። መዝሙሮቹ በኤምፒ3 ካሏችሁ ማጫወቻው ፊት ላይ «ኤምፒ3» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ፕሮግራሙ ላይ «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን መምረጥ ይኖርባችኋል፤ ያኔ የሚገባው 80 ደቂቃ ብቻ ነው። ካለ ግን በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 አንድ ሲዲ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ ይይዛል።

የቤት ዲቪዲ ማጫወቻ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ፣ ባለ አንድ ንብርብር፣ ይዘቱም «ዲቪዲ-ቪዲዮ» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ይሁን። የኤምፒ4 ፋይል እንዲሁ ዲስክ ላይ ጎትቶ መጣል ዲቪዲ-ቪዲዮ አያደርገውም። ኮምፒውተር ያጫውተዋል፤ አሮጌው ማጫወቻ ግን ከነመኖሩም አያውቀውም። ለዚህ ሥራ ዲቪዲስታይለር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ።

አሜሪካ ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። እኛ አገር የሚሠራው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል የሚባለው ነው፤ 576 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። የአሜሪካ ማጫወቻ የተሠራው ለኤንቲኤስሲ ነው፤ 480 መስመር፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም። ስለዚህ ዲስኩ ምንም ሳይጎድለው እዚያ ሲደርስ ሥዕል አልባ ሊሆን ይችላል። ዲቪዲ-ቪዲዮውን ስታዘጋጁ «ኤንቲኤስሲ» ምረጡ። ለአውሮፓ፣ ለእስራኤልና ለዱባይ ፓሉ ይሆናል። ፋብሪካ የታተሙ ፊልሞች ላይ ያለው የክልል ቁጥር ቤት ውስጥ በርን የተደረገ ዲስክን አይመለከተውምና እሱን እርሱት።

ፎቶና ፋይል ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ማጫወቻ የለም፤ ከበርነራችሁ ጋር የተስማማ ሁሉ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ በርነራችሁ ምን መጻፍ እንደሚችል እወቁ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ደረጃ ነው። ማንበብና መጻፍ የተለያየ ችሎታ ነው። ኮምፒውተራችሁ የዲቪዲ ፊልም ስላጫወተ ዲቪዲ ይጽፋል ማለት አይደለም።

የዲስክ መሳቢያውን ፊት በስልካችሁ መብራት አብሩና እዩት። ትንንሽ ምልክቶች ታትመውበታል። ከዲቪዲ ምልክቱ ሥር «ሮም» ብቻ ካለ ያ ድራይቭ (ዲስኩ የሚገባበት ክፍል) ዲቪዲ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ከሲዲ ምልክቱ ሥር «ሪራይተብል»፣ ከዲቪዲው ሥር ግን «ሮም» የሚል ካያችሁ «ኮምቦ» የሚሉት ነው፤ ሲዲ ይጽፋል፣ ዲቪዲ ያጫውታል፣ ዲቪዲ አይጽፍም። ባዶ ዲቪዲ ስትከቱበት ድራይቩ ጉር ጉር ይልና ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ዊንዶውስ «ዲስክ አስገባ» ይላችኋል። በስልክ የሚነገረኝ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ድራይቩም ዲስኩም ጤነኛ ናቸው።

ከዲቪዲ ምልክቱ ሥር «አር» ወይም «አርደብሊው» ካለ ይጽፋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ (±) ካለ ሁለቱንም ዓይነት ይቀበላል። «ዲኤል» ካለ ባለ ሁለት ንብርብርም ይጽፋል።

ምልክቱ ከተፋቀ ወይም ድራይቩ መሳቢያ የሌለው፣ ዲስኩን እንደ ደብዳቤ የሚውጥ ከሆነ በሶፍትዌር ፈልጉት፦

- ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። «ዲቪዲ/ሲዲ-ሮም ድራይቭስ» የሚለውን ዘርጉ። በዚህ ርዕስ አትታለሉ፤ ድራይቩ በርነር ሆነም አልሆነ ርዕሱ ይኸው ነው። የምትፈልጉት ከሥሩ ያለውን ስምና የሞዴል ቁጥር ነው። ስሙ በ«ኤችኤል-ዲቲ-ኤስቲ» ከጀመረ የሂታቺና የኤልጂ የጋራ ምርት ነው፤ «ቲኤስኤስቲኮርፕ» ከሆነ የቶሺባና የሳምሰንግ። የሞዴል ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና የሚጽፋቸውን ዓይነቶች ዝርዝር አንብቡ።
- ኢምግበርን ካላችሁ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ድራይቭ»፣ ከዚያ «ኬፐቢሊቲስ» በሉ። የሚያነበውንና የሚጽፈውን ለየብቻ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ከሁሉም የማምነው ይህን ነው፤ የሚናገረው ራሱ ድራይቩ ስለሆነ።
- ማክ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ዲስክ በርኒንግ» የሚለው ሥር ለሲዲና ለዲቪዲ የሚጽፋቸው ዓይነቶች ተዘርዝረዋል።

ያገኛችሁትን ዝርዝር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሱቅ ስትገቡ የምታሳዩት እሱን ነው።

ደረጃ 3፦ የሚገባውን ነገር መጠን ለኩ

- ሲዲ-አር፦ 700 ሜጋባይት
- ዲቪዲ፣ ባለ አንድ ንብርብር፦ 4.7 ጊጋባይት
- ዲቪዲ፣ ባለ ሁለት ንብርብር (ዲኤል)፦ 8.5 ጊጋባይት
- ብሉሬይ፦ 25 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 50

ዲቪዲው ላይ 4.7 ይበል እንጂ ዊንዶውስ ላይ የሚታየው 4.38 ነው። ማንም አላጭበረበራችሁም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ 1024 በ1024 በ1024 እያባዛ። በዚሁ ስሌት 8.5 የተባለው 7.96 ይሆናል፤ የብሉሬዩ 25 ደግሞ 23.3 አካባቢ። ስለዚህ በዊንዶውስ 4.5 ጊጋባይት የሚታይ ፎልደር ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ላይ አይገባም።

እኔ እስከ ጫፉ አልሞላም፤ 4.2 አካባቢ ላይ አቆማለሁ። ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ጠርዝ ነው። በርን ካደረጋችሁ በኋላ ጀርባውን ብርሃን ላይ ብታዩት የተጻፈው ክፍል ከመሐሉ ጀምሮ እንደ ቀለበት ጠቆር ብሎ ይለያል። ጥራቱ የሚቀንሰውም፣ ጣት የሚነካውም፣ የሚጫረውም ጠርዙ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ኬክ ቆረሳው ላይ ሲደርስ መንተባተብ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ዲስኩ ላይ ያለውን «120 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ደግሞ በልኩ ያዙት። ይህ ዲቪዲ-ቪዲዮን በመካከለኛ ጥራት፣ በሰከንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ሲይዝ ነው። ፋይል እንዲሁ የምትጭኑ ከሆነ ደቂቃውን ትታችሁ ጊጋባይቱን ቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ የዲስኩን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ

ባለሱቁ «ሁሉም ያው ነው» ቢላችሁም ያው አይደለም።

- ዲቪዲ−አር፦ መሐሉ ላይ ያለችው ሰረዝ «ማይነስ» ተብላ ትነበባለች። አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍበታል። ለአሮጌ የቤት ማጫወቻ የምመርጠው ይህንን ነው።
- ዲቪዲ+አር፦ ይህም አንድ ጊዜ። አዳዲስ በርነሮች ሁለቱንም ስለሚጽፉ ለፋይል ማስቀመጫ ልዩነት የለውም። በጣም አሮጌ በርነር ግን አንዱን ብቻ ሊያውቅ ይችላል፤ ደረጃ 2 ላይ ያነሳችሁት ፎቶ ለዚህ ነው።
- አርደብሊው የሚል የተጨመረበት፦ 1000 ጊዜ ያህል ተሰርዞ ይጻፍበታል። ለሙከራ ጥሩ፣ ለስጦታ መጥፎ። ሰው በስህተት ሊሰርዘው ይችላል፤ አሮጌ ማጫወቻም ያስቸግራል።
- ዲኤል፦ ባለ ሁለት ንብርብር። ዋጋው ይወደዳል፣ በርነሩም ማጫወቻውም ይመርጣሉ። ቪዲዮው ከ4.2 ካለፈ እኔ ሁለት ተራ ዲቪዲ ላይ ከፍዬ «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እላለሁ።
- ዲቪዲ-ራም፦ ብዙ የቤት ማጫወቻ አያነበውም፤ በስህተት አትግዙት።
- ቢዲ-አር እና ቢዲ-አርኢ፦ ብሉሬይ ናቸው፤ አርኢው ይሰረዛል። የዲቪዲ በርነር ሊነካቸው አይችልም፤ ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር፣ ብሉሬይ በ405 ናኖሜትር ወይን ጠጅ በሚመስል ሌዘር ነው የሚጻፈው። ማሸጊያው ላይ «ኤልቲኤች» ካለ አሮጌ ብሉሬይ በርነር ላይቀበለው ስለሚችል ተጠንቀቁ። «ኤክስኤል» ከሆነም (100 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሚይዘው) በርነሩ ራሱ «ኤክስኤል» የሚል ሊኖረው ይገባል።

«ለሙዚቃ» የሚል የተጻፈበት ሲዲ-አር ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ከተራው የተሻለ ነገር ግን የለውም፤ ጭማሪ አትክፈሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስክ በሚውጥ ድራይቭ ውስጥ 8 ሴንቲሜትር የሆነውን ትንሹን ዲስክ አትክተቱ። ገብቶ አይወጣም።

ደረጃ 5፦ ፍጥነቱን አመዛዝኑ

ዲስኩ ላይ «16ኤክስ»፣ «52ኤክስ» የሚል ቁጥር አለ። የሲዲ 1ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው፤ የዲቪዲ 1ኤክስ 1385 ኪሎባይት፣ ዘጠኝ እጥፍ ያህል። ስለዚህ 16ኤክስ ዲቪዲ ከ52ኤክስ ሲዲ ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም።

አንድ ጊዜ በሚጻፍ ዲስክ ላይ ይህ ቁጥር ጣሪያ ነው። የላፕቶፕ በርነር አብዛኛውን ጊዜ ዲቪዲን በ8ኤክስ ይጽፋል፤ 16ኤክስ ዲስክ ብትሰጡት በራሱ ፍጥነት ይሠራዋል፣ ምንም ችግር የለም። በሚሰረዙት ላይ ግን ቁጥሩ የዲስኩን ዓይነት የሚለይ ነው። «አልትራ ስፒድ» የተባለ ሲዲ-አርደብሊው፣ 8ኤክስ ዲቪዲ+አርደብሊው ወይም 6ኤክስ ዲቪዲ−አርደብሊው ለአሮጌ በርነር አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ልጻፍበት ቢልም አይችልም። ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሰረዝ ዲቪዲ ከፈለጋችሁ 4ኤክስ ወይም ከዚያ በታች የሚል ፈልጉ።

በርን ስታደርጉ መካከለኛውን ፍጥነት ምረጡ፦ ሲዲ በ16 ወይም 24፣ ዲቪዲ በ8፣ ዲኤል በ4። «በ1 ብጽፈው የተሻለ አይሆንም?» የሚለኝ ሰው አለ። አይሆንም። በዛሬ ዲስኮች ውስጥ ሌዘሩ የሚጽፍበት ቀለም ለፈጣን ሌዘር የተቀመመ ስለሆነ በጣም ቀስ ማለትም ጥራቱን ይቀንሳል። 4.7 ጊጋባይት በ8ኤክስ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቡና እስኪፈላ።

ደረጃ 6፦ ሁለት ሦስት ገዝታችሁ ሞክሩ

ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ ተስማምቶም አንድ ዲስክ ከአንድ በርነር ጋር ላይግባባ ይችላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ባዶ ዲስክ ከመሐሉ አጠገብ ከፋብሪካ የተጻፈ የአምራች መለያ አለው። በርነሩ ዲስኩን ሲቀበል መጀመሪያ ይህን መለያ ያነባል፤ ከዚያ በውስጡ ባለው ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ሌዘሩን ለዚያ ቀለም በሚስማማ ኃይል ያስተካክላል። መለያውን ካላገኘው በግምት ይጽፋል፣ ወይም ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይም እምቢ ይላል። ማሸጊያው ላይ ያለው ስም ደግሞ የግድ አምራቹ አይደለም፤ አንድ ስም ያለው ማሸጊያ በዚህ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ፣ በሚቀጥለው ከሌላ ሊመጣ ይችላል። ባለፈው የሠራላችሁ ስም ዛሬም ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ።

ይህን የተማርኩት በኪሴ ነው። አንዴ የዘመድ ሠርግ ላስረክብ ቀን ደርሶብኝ፣ በአንድ ዘንግ ላይ 50 ዲስክ የተደረደረበትን ክብ ማሸጊያ ሳልሞክር ገዛሁ። በ16ኤክስ ስጽፋቸው ሁሉም «ተሳክቷል» ይላሉ፤ ሳጫውታቸው ግን መጨረሻ አካባቢ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ይሰባበራል። ወደ 8 ዝቅ ሳደርግ ተስተካከለ፤ እስከዚያ ግን ከ20 በላይ አበላሽቼ ነበር። አሁን እናቴ ጓሮ በቆሎው መሐል ተሰቅለው ወፍ ያባርራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዲስክም ይሠራል።

ሙከራው እንዲህ ነው፦

1. ባዶውን ዲስክ ክተቱና ኢምግበርንን ክፈቱ። በቀኝ በኩል የዲስኩ ዓይነት፣ የአምራች መለያውና በርነሩ የሚቀበላቸው ፍጥነቶች ይወጣሉ። ፍጥነቶቹ ካልወጡ ወይም «ዲስክ የለም» ካለ ሌላ ዓይነት ግዙ።
2. እስከ 4.2 ጊጋባይት ሞልታችሁ አንዱን ጻፉ። በትንሽ ፋይል መሞከር ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው።
3. «ቬሪፋይ» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ይሁን። የተጻፈውን መልሶ ከዋናው ጋር ያመሳክራል።
4. በታሰበው ማጫወቻ ላይ አጫውቱና ወደ መጨረሻው ዝለሉ።

አራቱንም ካለፈ ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው ማሸጊያ ብዛቱን ግዙ። ሱቁ አንድ በአንድ የማይሸጥ ከሆነ ትንሹን ማሸጊያ ውሰዱ።

ደረጃ 7፦ ከመጻፋችሁ በፊት

መብራት። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ዲስክ እየተጻፈ መብራት ከሄደ አንድ ጊዜ የሚጻፍ ዲስክ እዚያው ይሞታል፤ ካቆመበት የሚቀጥል ነገር የለም። ዩፒኤስ ከሌላችሁ በላፕቶፕ ጻፉ፣ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። ኮምፒውተሩ በመሐል እንዳይተኛ «ስሊፕ»ን አጥፉ።

ፋይሎቹን ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ከፍላሽ በቀጥታ አትጻፉ። ሌዘሩ ዳታው ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል። የዛሬ በርነሮች ሲቋረጥባቸው ቆመው የመቀጠል ብልሃት ቢኖራቸውም፣ በቆሙበት ቦታ ሁሉ ጠባሳ ይቀራል።

ውጫዊ በርነር ከሆነ ገመዱን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ በማከፋፈያ በኩል አይሁን። ሲጽፍ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ሲያነብ ከሚፈልገው ይበልጣል። ባለ ሁለት ራስ ገመድ ከመጣለት ሁለቱንም ሰኩለት። ማንበብ ችሎ መጻፍ ሲጀምር የሚጠፋ ውጫዊ በርነር ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

ዲስኩን በጠርዙና በመሐል ቀዳዳው ያዙ። አቧራ ካለው ከመሐል ወደ ውጭ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ እያዞራችሁ አትጥረጉ። በዙሪያው የሚሄድ ጭረት አንድን ተከታታይ መስመር ስለሚበላ ማጫወቻው ሊጠግነው አይችልም።

ማስጠንቀቂያ፦ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ዲስክ በፍጹም አትክተቱ። በፍጥነት ሲሽከረከር ድራይቩ ውስጥ ይበታተናል። ወረቀት ተለጣፊም አትለጥፉ፤ ሚዛኑን ያዛባዋል፣ ሲሞቅም ይላጥና ድራይቩ ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ መጻፍና መዝጋት

በዊንዶውስ በራሱ የምትጽፉ ከሆነ ባዶ ዲስክ ሲገባ ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ «ላይክ ኤ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ» እና «ዊዝ ኤ ሲዲ/ዲቪዲ ፕሌየር»። ሁለተኛውን ምረጡ። የመጀመሪያው ዲስኩን እንደ ፍላሽ እየጨመራችሁ እንድትጽፉበት ያደርጋል፤ ለራሳችሁ ኮምፒውተር ይመቻል፣ የቤትና የመኪና ማጫወቻ ግን አያነበውም። «እኔ ጋ ይሠራል፣ አባዬ ጋ አይሠራም» የሚለው ስልክ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህች አንዲት ጠቅታ ናት።

በሌላ ፕሮግራም ከሆነ «ፋይናላይዝ» ወይም «ክሎዝ ዲስክ» የሚለው ተመርጦ ይሁን። ያልተዘጋ ዲስክ ማውጫው እንዳልተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የጻፈው በርነር ራሱ ያነበዋል፣ ሌላው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ከተዘጋ በኋላ ግን ምንም ስለማይጨመር የረሳችሁት ፋይል እንዳይኖር ቀድማችሁ ቁጠሩ።

አንድ ፋይል ብቻውን ከ4 ጊጋባይት ከበለጠ የፋይል ሥርዓቱን «ዩዲኤፍ» አድርጉት። ዲቪዲ-ቪዲዮ ከሆነ «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለው ፎልደር በዲስኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይቀመጥ፤ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ ማጫወቻው አያገኘውም።

ደረጃ 9፦ ምልክት ማድረግና ማስቀመጥ

በማርከር ብቻ ጻፉ፤ በእስክሪብቶ አይሆንም። በተለይ ሲዲ ላይ ዳታው ያለው ከጽሑፉ ገጽ ሥር፣ ከስስ መሸፈኛ ቀለም በታች ነው። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የሚያብረቀርቀውን ጀርባ ነው፤ ሲዲን በቶሎ የሚገድለው ግን ከላይ የሚመጣ ጭረት ነው። የዲቪዲው ዳታ በሁለት የ0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መሐል ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል። ሁለቱንም ከፀሐይ አርቁ፤ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሰነበተ ባዶ ዲስክ ሳይጻፍበት ይበላሻል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ፓወር ካሊብሬሽን ኤረር» ይላል። በርነሩ ከመጻፉ በፊት ዲስኩ መሐል ላይ ሌዘሩን ይሞክራል፤ ሙከራው ሲከሽፍ ይህን ይላል። በመጀመሪያ ከሌላ አምራች የመጣ ዲስክ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። ሁለቱም ካልረዱ ሌንሱ አቧራ ይዟል ወይም ሌዘሩ ደክሟል። ድራይቩን ፈታታችሁ ሌዘሩን ለማየት አትሞክሩ፤ የሚጽፍ ሌዘር ለዓይን አደገኛ ነው።

ዲስኩ ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል፣ ማጫወቻው ላይ አይሠራም። በዚህ ተራ መርምሩ፦ ተዘግቷል? ዲቪዲ-ቪዲዮ ነው ወይስ ተራ ፋይል? አርደብሊው ወይም ዲኤል ነው? ፕላስ ከሆነ ማይነስ ሞክራችኋል? አሜሪካ ከሆነ ኤንቲኤስሲ ነው?

በርነሩ ሲዲ ይጽፋል፣ ድሮ ይጽፈው የነበረውን ዲቪዲ ግን ዛሬ እምቢ አለ። ሲዲ የሚጻፈው በ780 ናኖሜትር ሌዘር ነው፣ ዲቪዲ በ650፤ አንዱ ሲሞት ሌላው መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ሦስት የተለያዩ ዲቪዲዎች ሞክራችሁ ሦስቱንም ከጣላቸው ተጨማሪ ዲስክ አትግዙ፤ በርነሩን ቀይሩ። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አሮጌውን ፈታችሁ ውፍረቱን በማስመሪያ ለኩ። 12.7 ሚሊሜትርና 9.5 ሚሊሜትር የሆኑ አሉ፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ አይገባም። የፊት ሽፋኑን ከአሮጌው ነቅላችሁ ለአዲሱ አድርጉለት፤ አለበለዚያ ከላፕቶፑ ጠርዝ ጋር እኩል አይገጥምም።